ስምንት ማንኪያ

ትንሿ ቢልቂስ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሆስፒታል በገባች በሁለት ሰዓቷ ሞተች። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቀን ነበር። እናቷ ሙና እሷን ስትወልድ ደም ፈስሷት ሞታለች፤ ስለዚህ ያ ቤት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፈን ገዛ። ኢንስፔክተር ፈንታሁን የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወጣ «የሃያ አምስት ቀን ሰው ምን ጠላት ያፈራል?» እያለ ነበር። በደሴ ፖሊስ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ ብዙ ሬሳ አይቷል። ይህን ያህል ትንሽ ግን አይቶ አያውቅም።

ዶክተር ሳዲቅ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር። ወጣት ሐኪም ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«የደሟን ጨው ሁለት ጊዜ አስለካሁ» አለ። «መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

«እና?»

«አልተበላሸም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ የጨው መጠን አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ጨው አብልተዋታል ነው የሚሉኝ?»

«ወይ ጨው ሰጥተዋታል፣ ወይ ውሃ አጥታለች። ተቅማጥም ትውከትም አልነበራትም። የዱቄት ወተቱ ከልኩ በዝቶም ሊሆን ይችላል። ጣሳውን ፈልጉና ስንት እንዳለቀ እዩልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ጩኸት ተነሣ። የሕፃኗ አያት፣ የአባቷ እናት እማማ ቡዜ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ በጣታቸው አንዲት ልጅ እግር ሴት ላይ ይጠቁሙ ነበር።

«ይቺ ናት! በውሃ ጥም የገደለቻት ይቺ ናት! ጠብ አድርጊላት ብዬ ለመንኳት፤ እምቢ አለች! አላህ ያያል!»

ልጅቷ ራሂማ ትባላለች፣ የሟቿ የሙና ታናሽ እህት ናት፤ ሕፃኗን ሆጤ ሰፈር ካለው ኪራይ ቤቷ ወስዳ የምታሳድገው እሷ ነበረች። ባዶውን ብርድ ልብስ ሕፃን እንዳለበት ሁሉ ታቅፋ ቆማለች። ፈንታሁን ያን አስተቃቀፍ ሲያይ ሆዱ ባባ። ሆድ የባባበት መርማሪ ደግሞ ሥራ አይሠራምና ፊቱን ወደ አያትየው አዞረ።

«ውሃ ከለከለች የሚሉት በዓይንዎ አይተው ነው፣ እናቴ?»

«በዓይኔ! ምላሷን እያወጣች ስታለቅስ፣ ይቺ ‹ሐኪም ከልክሏል› ትለኛለች!»

*

የራሂማ ቤት አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ስር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ጡጦ፣ ፔርሙዝ፣ አንዲት ትንሽ ቢላዋና ትልቅ የወተት ጣሳ ተደርድረዋል። ሁሉም ንጹሕ ጨርቅ ለብሷል። ከጣሳው አጠገብ የጨው ዕቃ አለ።

«ጨው ይኸው!» አለ ሳጅን አግማስ ደስ ብሎት።

«ጨው የሌለበት ቤት ስታገኝ ንገረኝ፤ እሱን እናስራለን» አለው ፈንታሁን።

ጣሳው ዙሪያውን በዐረብኛ ተጽፎበታል። ጀርባው ላይ ብቻ አንዲት ነጭ ወረቀት ተለጥፋለች፤ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ናት። «ከአንድ ወር በታች። ውሃ እስከ 90 መስመር» ይላል። ከሱ በታች ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በስተግራ «ማንኪያ»፣ በስተቀኝ «ጡጦ በቀን»። ከወረቀቷ ስር የጣሳው የራሱ የዐረብ ቁጥሮች ይታያሉ። ፈንታሁን የማያውቃቸው ጭረቶች ናቸው። አግማስ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ ፈንታሁንም አየት አድርጎ አለፈ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለካ ለፖሊስም ነው።

ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተዋሱና ጣሳውን መዘኑ። ሲገዛ ዘጠኝ መቶ ግራም ነበር። የተከፈተው ባለፈው ረቡዕ እንደሆነ ጎረቤቶቹ መሰከሩ፤ ስድስት ቀን መሆኑ ነው። የቀረውን ቀንሰው፣ በጣሳው ውስጥ ባለችው የላስቲክ ማንኪያ ሲያካፍሉት በቀን ሃያ አራት ማንኪያ መጣ። ፈንታሁን ለሐኪሙ ደወለ።

«ሃያ አራት?» አለ ዶክተር ሳዲቅ ትንሽ አስቦ። «ለዚያ ዕድሜ ልኩ ነው። አንድም አልበዛ።»

«ስለዚህ ወተቱ አይደለም።»

«በዚህ ሒሳብ አይደለም።»

አግማስ ከዱቄቱ ቆንጥሮ ቀመሰ። ጨው ጨው አይልም። እንግዲህ ጨው ከተጨመረ የተጨመረው ጡጦው ውስጥ ነው፤ ጡጦው ደግሞ ታጥቦ ደርቋል። ጡጦውን ከራሂማ በቀር የነካ ሰው የለም። ፍራሹን ሲያነሡ ከሥሩ ፓስፖርት ወጣ። በውስጡ የሳዑዲ ቪዛ ነበረበት፤ ቀኑ የሙና ቀብር ከዋለ በሦስተኛው ቀን ነው።

አግማስ ፓስፖርቱን ዘርግቶ አሳየው።

*

«ልጅቷ እንቅፋት ሆነችብሽ?»

«አልሆነችብኝም።»

«ቪዛሽ ወጥቷል። አራስ ልጅ ይዘሽ ጂዳ አትገቢም።»

«ወኪሎቹን አልሄድም ብያቸው ነው ፓስፖርቴን ያስመለስኩት። ይጠይቋቸው ጋሼ።»

ራሂማ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ስትናገር እጆቿ ጭኗ ላይ እየተላወሱ የሌለ ነገር ይደባብሳሉ።

«ወተቱን እንዴት ነበር የምታዘጋጂው?»

«እንደተጻፈው። አንድ አልጨመርኩም፣ አንድ አላጎደልኩም።» ከዚያ ትንሽ አሰበች። «መጀመሪያ ያልተጻፈ አድርጌ ተቆጥተውኛል። ሆስፒታል የሰጡኝ ጣሳ አንድ ማንኪያ በስድሳ ውሃ ይል ነበር። እሱ ሲያልቅ ሂሻም ሌላ ገዛ፤ ያ ደግሞ ማንኪያው ትንሽ ነው፣ አንድ በሠላሳ። እኔ የለመድኩትን አደረግኩ። ልጅቷ ከሳች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ነርሷ ‹አቅጥነሽባት ነው! ጣሳ ሁሉ የራሱ ልክ አለው፣ በግምት አትሂጂ፣ የተጻፈውን አንብቢ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ፣ ይሄ ሦስተኛው ጣሳ ሲመጣም፣ ወላሂ በግምት አድርጌ አላውቅም። በቢላዋ እያስተካከልኩ ነበር የምለካው።»

«ውሃስ ለምን ከለከልሻት?»

«እስከ ስድስት ወር ውሃ እንዳይነካት ብለውኛል። ስታለቅስ አብሬያት አለቅሳለሁ እንጂ እንዴት ልስጣት?»

ፈንታሁን መልሱን ጻፈ። «እንደተጻፈው» የሚለውንም ጻፈ። ምን ተጽፎ እንደነበር ግን አልጠየቀም፤ ሃያ አራቱን ማንኪያ እሱ ራሱ ቆጥሮ ልክ ነው ስላለ፣ ያ ነገር በልቡ ተዘግቶ ነበር። ራሂማን አሰራት። በኋላ ይህን ቀን ባስታወሰ ቁጥር ያፍር ነበር።

*

ፒያሳ ያለው የጉዞ ወኪል መዝገቡን ገልብጦ አሳየው። ራሂማ ፓስፖርቷን ያስመለሰችው ሕፃኗ ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። በምክንያቱ ቦታ በገዛ እጇ «ልጅ አለኝ» ብላ ጽፋለች።

ፈንታሁን መዝገቡ ላይ ብዙ ቆየ። እናቱ ከእሱ በፊት ወንድ ልጅ ሞቶባት ነበርና የእሱ ስም የወጣው በዚያ ነው፤ በሞተው ፈንታ ሁን ሲሉት። የሟች ቦታ መያዝ ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ይቺ ልጅም ሳትወልድ በእህቷ ፈንታ እናት ሆናለች። እንዲህ ብሎ የጻፈ እጅ ጡጦ ውስጥ ጨው ይነሰንሳል?

ወደ አባትየው መሄድ ነበረበት። በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ካፖርቱን አስወለቀው። ሂሻም የሚሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ የፈረቃ ሰዓት ደርሶ ሠራተኛው ይጎርፋል። የሂሻም የመግቢያ ካርድ ንጹሕ ነበር፤ ከረቡዕ እስከ ሰኞ ድርብ ፈረቃ ገብቷል፣ ደሴ አልወጣም።

«እንደገና ልታገባ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ» አለው ፈንታሁን።

ሂሻም በመገረም አየው። «ሙና ከሞተች አርባ ቀን አልሞላትም ጋሼ።»

«ጣሳውን የገዛኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። የበፊቱ ከደሴም ከኮምቦልቻም ፋርማሲ ጠፋ። ጣሀ የሚባል ጅምላ ነጋዴ ዘንድ አገኘሁ፣ በሰው ላክሁላት።» ፊቱን በክንዱ አበሰ። «ራሂማ አላደረገችውም። እናቴ ናት እንዲህ የምትለው። ሐዘኗን የምትጥልበት ሰው አጥታ ነው።»

«እናትህ የት ናቸው?»

«ሐርቡ ናት። ሰው አላይም ብላለች።»

*

እማማ ቡዜ ግን ፖሊስ ሲያዩ ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ቁጣቸው ወደ ልቅሶ ተለውጧል።

«ምን አይተው ነው ገደለች የሚሉት? ነገርን ከሥሩ ነው፤ ካዩት ይጀምሩልኝ።»

«ሦስት ቀን አብሬያት ከረምኩ ልጄ። ልጅቷ ስታለቅስ እንባ የላትም። አፏ ደርቋል። ውሃ ስል እምቢ። ጡጦ ጨምሪላት ስል እምቢ! በቀን ሦስቴ ብቻ ነው የምታጠባት። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ አራስ ልጅ በቀን ሦስቴ ሲጠባ የት ታይቶ ያውቃል? ተቀይሜያት ጥያት መጣሁ። ጥያት መጣሁ እኮ! የተመለስኩት ሆስፒታል ገባች ሲሉኝ ነው።»

«ሦስቴ ብቻ?»

«ጠዋት ከሱብሒ በኋላ፣ ቀትር ከዙሁር በኋላ፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ። በቃ!»

ፈንታሁን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሴትዮዋ ስለ ጭካኔ እየነገሩት ነው፤ እሱ ግን የሰማው ቁጥር ነው። በቀን ሃያ አራት ማንኪያ አልቋል፤ ጣሳው መስክሯል። በቀን የጠባችው ሦስት ጡጦ ነው። ሃያ አራት ለሦስት። ወደ ደጅ ወጥቶ ለአግማስ ደወለ።

«ራሂማን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። በአንድ ጡጦ ስንት ማንኪያ?»

ስልኩን ይዞ ቆየ። ከወዲያ ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ ከዚያ የልጅቷ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ስምንት ትላለች» አለ አግማስ።

«ማን ነው ስምንት ያላት?»

«‹ጣሳው› ትላለች። ቁርአን ቤት ቁጥሩን ተምሬዋለሁ፣ ስምንት ነው የሚለው ትላለች።»

አምስት ቀን ታስራለች። አምስት ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

*

በጣሀ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የዚያው ዓይነት አራት ጣሳ ተደርድሯል፤ አራቱም ጀርባ ላይ ነጭ ወረቀት አለ። ጣሀ ሃምሳውን ያለፈ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው።

«ይህን የለጠፈ ማነው?»

«እኔው። ምን ላድርግ ኢንስፔክተር? ይሄ ጣሳ በዐረብኛ፣ ያ በቱርክ፣ ሌላው በማላውቀው ቋንቋ። ሰው ገዝቶ ይሄድና ‹ምን ይላል?› እያለ ይመለሳል። ጂዳ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬ ዐረብኛ አነባለሁ፤ ለሰው ልድረስ ብዬ ነው። እኔ እያነበብኩ ጽሕፈት ቤት አስጻፍኩት።»

«እስቲ አንብብልኝ። በጣትህ እያሳየህ።»

ጣሀ መነጽሩን አድርጎ ጣሳውን አነሣ። ዐረብኛ እንደሚነበበው ጣቱን ከቀኝ አስነሣ።

«ማንኪያ… ሦስት» አለ። ጣቱ ያረፈው «ጡጦ በቀን» ከሚለው ቃል ስር ነበር።

ቆም አለ። ጣቱን አንሥቶ እንደገና ከቀኝ ጀመረ። «ማንኪያ ሦስት፤ ጡጦ በቀን…» ጣቱ በስተግራ «ማንኪያ» ከሚለው ቃል ስር ደረሰ። «…ስምንት» አለ።

በጥፍሩ ወረቀቷን ላጠ። ከሥሯ የተሸፈኑት የዐረብኛ ቃላት ወጡ፤ ማንኪያው በቀኝ፣ ጡጦው በግራ። ጣሀ «ማንኪያ፣ ከዚያ ጡጦ» ብሎ አንብቧል፣ ጸሐፊዋም እንደሰማችው ከግራ ወደ ቀኝ ጽፋለች። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ወረቀቷ ስትለጠፍ ግን ማንኪያው ስምንቱ ላይ፣ ጡጦው ሦስቱ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ስምንትም ሃያ አራት፣ ስምንት ጊዜ ሦስትም ሃያ አራት ነውና ጣሳውን የመዘነ ሁሉ ልክ ነው አለ። የጎደለው ውሃው ብቻ ነው። ሕፃኗ በቀን ስምንት ጡጦ ውሃ ማግኘት ሲገባት ሦስት ብቻ አገኘች።

ጣሀ የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «ያ አላህ። ለሂሻም ልጅ ነው የሰጠሁት።» ፈገግታው እስከዚያ ድረስ ከፊቱ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ እንዴት እንደሚነሣ የረሳው ይመስል። «ያ አላህ፣ እኔ ነኝ።»

«ስድስተኛው ጣሳስ? ካርቶኑ ስድስት ይይዛል።»

«ለአንዲት የገጠር ሴት ሸጫለሁ።»

ፈንታሁን ከአግማስ ጋር ሴትዮዋን ፍለጋ ወጣ። ከሐርቡ ወዲያ አንድ ሰዓት በእግር ሄደው ቤቷ ሲደርሱ ጣሳው ሳይከፈት ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ሰው እስኪመጣ ትጠብቅ ነበር። ልጇ ጡቷ ላይ ተኝቷል። ፈንታሁን ጣሳውን ተቀብሎ፣ ምክንያቱን መናገር አቅቶት፣ አመስግኗት ወጣ።

*

ለሂሻምና ለእናቱ በማግስቱ ጠዋት በሂሻም ኪራይ ቤት ነገራቸው። የጣሀን ነገር ዐቃቤ ሕግ እንደያዘው፣ ራሂማም በዕለቱ እንደምትፈታ ነገራቸው። ሂሻም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እማማ ቡዜ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ያኔ ውሃ ብናጠጣትስ ኖሮ?» አሉ።

ፈንታሁን ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ለዶክተር ሳዲቅ አቅርቦት ነበር። መዋሸት ይችል ነበር። ግን ሴትዮዋ ያዩትን ሁሉ በትክክል አይተው ነበርና፣ እውነቱ የሚገባቸው መሰለው።

«ሐኪሙ ትተርፍ ነበር ይላል፣ እናቴ።»

እማማ ቡዜ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ጫማቸውን ፈልገው አደረጉ። «እኔም ደሴ እወጣለሁ» አሉ።

*

ራሂማ ከማረፊያ ክፍሉ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ከሂሻም ጋር አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን እማማ ቡዜን ነው። ወደ ኋላ አለች።

«ነፃ ነሽ» አላት ፈንታሁን። አስቀምጧት፣ ስለ ወረቀቷ፣ ስለ ግራና ቀኝ፣ ስለ ስምንትና ሦስት ቀስ ብሎ ነገራት። «ጥፋቱ የወረቀቷ ነው፤ ያንቺ አይደለም። እኔም ቶሎ ስላልጠየቅሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የራሂማ እጆች ጭኗ ላይ ይላወሱ ጀመር።

«ስምንቱን የለካሁት እኔ ነኝ» አለች። «ወፍራም ነው ስል፣ ‹ያን ጊዜ አቅጥነሽ ነው የተቆጡሽ› እላለሁ ለራሴ። ቆጥሬ ከጠፋኝ ደፍቼ እንደ አዲስ እጀምር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ማንበብ ባልችል ኖሮ በግምት አደርግላት ነበር።»

ሂሻም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቆይ ጋሼ» አለች ራሂማ፤ እጆቿ መላወስ አቆሙ። «ውሃ ብሰጣት ኖሮ ትድን ነበር?»

ፈንታሁን አፉን ከፈተ። ከአፉ ቃል ከመውጣቱ በፊት እማማ ቡዜ ከአግዳሚው ተነሥተው ነበር።

«አትድንም» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ ስጪያት ያሉኝ!»

«የአሮጊት ነገር ነው። አትድንም ነበር።»

«ይማሉልኝ።»

እማማ ቡዜ በእውነት እንኳ የማይምሉ ሴት ናቸው፤ ሂሻም በሕይወቱ እናቱ ሲምሉ ሰምቶ አያውቅም። አሁን ከግድግዳው ዞሮ አያቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ልጅቷን ብቻ ነበር።

«ወላሂ» አሉ። «ወላሂ፣ ውሃ አያድናትም ነበር። አጀሏ፣ ቀኗ ነው ልጄ። አጀልን ውሃ አይመልስም።»

ራሂማ አንድ እርምጃ ሄዳ ደረታቸው ላይ ወደቀች። ከማክሰኞ ጀምሮ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በረኛው ሳይቀር ብቅ ብሎ አየ። እማማ ቡዜ ጀርባዋን እየደባበሱ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሏታል።

ሲሄዱ ፈንታሁን እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። ሂሻምና ራሂማ ቀድመው መንገዱ ላይ ቆሙ። እማማ ቡዜ ወደ ኋላ ቀርተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐኪሙ ያለው ያው ነው? አልተለወጠም?»

«አልተለወጠም፣ እናቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ የማልኩት በሐሰት ነው። ለመሐላ ማካካሻ፣ ከፋራ አለው፤ አሥር ድሃ የማበላበት አቅም የለኝም፣ ሦስት ቀን እጾማለሁ።» ራሂማ እየጠበቀቻቸው እንደሆነ አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለእሷ እንዳትነግራት። አብሬዎት ልጹም ትለኛለች።»